ገነተ ልዑል፦ ከቤተ መንግሥትነት ወደ ቤተ መዘክርነት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ቤተ መዘክር ይዟል። ከወርቃ ተነሥቶ በዲላና በሐዋሳ በኩል ወደ መዲናዋ የሚዘልቅ ጎብኚ በዚህ ቤት የነገሥታትን ኑሮ ብቻ ሳይሆን የጌዴኦ ቡና አምራች አያቶቹን ያስጨነቀውን የመሬት ጥያቄም ያገኛል።

ሕንፃው የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን የጣሊያን ገዥዎች መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ ወራሪው በበቀል የከተማዋን ሕዝብ ጨፈጨፈ። የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሐውልት ዛሬ በስድስት ኪሎ አደባባይ ቆሟል። በሕንፃው ፊት ያለውን፣ የትም የማያደርሰውን ጠመዝማዛ ደረጃ ጣሊያኖች የሠሩት የሙሶሎኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር ነበር። አሁን በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከነበሩት ሹማምንት ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከእነርሱ መካከል ነበሩ።

ግርማሜ ቀደም ሲል የወላይታ ገዥ ሆነው መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማደል ሲጥሩ ከባለርስቶች ጋር ተጋጭተው ወደ ጅጅጋ ተዛውረዋል። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው የጌዴኦ ምድር ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሥተው በሚጪሌ ደም ፈስሷል።

ከግርግሩ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1957 ዓ.ም. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲሽር የጌዴኦ ገበሬም ከባለርስት ቀንበር ወጣ።

ጎብኚው በሕንፃው ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ መነንን መኝታ ክፍሎች እንደ ተጠበቁ ያያል። በመኝታ ክፍሉ መስታወት ላይ የ1953ቱን ግርግር የሚያስታውስ የጥይት ቀዳዳ አለ። ሌሎቹ ክፍሎች የኢትዮጵያን ብሔረሰቦች ባህል ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ የሕይወት ቅደም ተከተል ያሳያሉ፤ ጥንታዊ ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉ።

ቤተ መዘክሩ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጎብኚ መታወቂያ መያዝ ይኖርበታል። ቢያንስ ግማሽ ቀን መመደብ ይበጃል። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር፣ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢሄዱ በመስታወቱ ፊት ቆም ብለው የሚጪሌን ታሪክ ያውጉላቸው፤ የቤተ መንግሥቱና የቡና ማሳው ታሪክ በአንድ ዘመን የተፈጸመ አንድ ታሪክ ነውና።