ስድስት ከተማ፣ አንድ መንግሥት፦ አለቃውን የማያይ ሠራተኛ እንዴት ይሠለጥናል?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ግን በሶዶ ብቻ አልተሰበሰቡም፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ተከፋፈሏቸው። ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ቦንጋን፣ ተርጫን፣ ሚዛን አማንንና ቴፒን መቀመጫ አድርጎ በተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል።

ስለ ውሳኔው ፖለቲካ ብዙ ተብሏል። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የጠየቀው የራሱን ክልል ነበር፤ የተሰጠው መልስ ሌላ ሆነ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የወላይታው ድምፅ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና መሰጠቱም አይዘነጋም። እኔ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልመለስም። ክርክራችን ሁሉ «የትኛው ቢሮ የት ይቀመጥ?» በሚለው ላይ ሲያተኩር የተዘነጋ የሚመስለኝን ጥያቄ ላንሣ፦ ሶዶ ያለ ኃላፊና ጂንካ ያለ ባለሙያ በአካል ሳይገናኙ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲሠሩ የሚያሠለጥናቸው ማን ነው? የሚሠለጥኑትስ ምን ምን ነው?

ጥያቄው ተራ የአስተዳደር ጉዳይ እንዳልሆነ ካርታውን ያየ ሁሉ ይረዳል። ከሶዶ አርባ ምንጭ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጂንካ ለመድረስ ከዚያም ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ዲላ ደግሞ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ናት፤ ከሶዶ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተለመደው መንገድ የሲዳማን ክልል አቋርጦ ነው ወደ ራሱ ክልል የሚመለሰው። እንዲህ ባለ መልክዓ ምድር ላይ ሥራው በመኪናና በውሎ አበል ብቻ ይሠራ ከተባለ በጀቱም ዕድሜውም አይበቃም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጃክ ኒልስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሠራተኛውን ወደ ሥራው ከማመላለስ ሥራውን ወደ ሠራተኛው መላክ ይሻላል ብሎ የተነሣው የሎስ አንጀለስን የመኪና ጭንቅንቅ አይቶ ነበር። እኛን ወደዚያው ሐሳብ ያደረሰን የመቀመጫ ክፍፍል ነው።

ይሁን እንጂ ከርቀት ማሠራት ለኢትዮጵያ መንግሥት እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባንና ሐረርን በስልክ ካገናኙ ወዲህ ማዕከሉ የሩቁን ሹም በሽቦ ሲያዝ ኖሯል። ወላይታ ደግሞ የዚህ ታሪክ ጥሩ መማሪያ ናት፤ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የርቀት አሠራሮች አብዛኞቹ በእርሷ ላይ አልፈዋልና።

ዋዱ

በሕዝቡ አንደበት «ዋዱ» እየተባለ የሚጠራው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በዓለም ባንክ ብድር እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ጀመረ። በስዊድን ድጋፍ በአርሲ ጭላሎ የተቋቋመው «ካዱ» ታላቅ ወንድሙ ነበር። ዋዱ ማዕከሉን ሶዶ አድርጎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የአፈር ጥበቃ ሥራ ሠራ፤ በቆላው በአበላ ሠፈራ አካሄደ። የሥራው ሸክም የወደቀው ግን ሶዶ ባሉት ባለሙያዎች ላይ ብቻ አልነበረም፤ በየገጠሩ በተበተኑት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይም እንጂ። ደሳለኝ ራህማቶ በወላይታ ስለተካሄዱ የልማት ጣልቃ ገብነቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ይህን ዘመን ከኋላው ከመጡት ጋር አያይዞ ስለሚመረምር ለጉዳዩ ፍላጎት ያለው አንባቢ ቢያየው ይጠቀማል።

የዋዱ ጥንካሬ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ አሠልጣኙም፣ መጋዘኑም፣ አለቃውም በአንድ አውራጃ ውስጥ ይገኙ ነበር። የመስክ ሠራተኛው ጥያቄ ቢኖረው የሚጠይቀው ሰው ሶዶ ላይ አለ። ይህን የመሰለው ቅርበት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአገር ደረጃ ሊባዛም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1971 «አነስተኛ ጥቅል» የተባለው ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ችግር ነው፦ ጥቂት ግብዓት፣ ጥቂት ሠራተኛ፣ ሰፊ አገር።

አሥራ አራት ቀን

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የዓለም ባንኩ ባለሙያ ዳንኤል ቤኖር የቀየሰው «የሥልጠናና የጉብኝት ሥርዓት» ወደ አገራችን ገባ። ሥርዓቱ የርቀት ሠራተኛን ማሠልጠን የሚለውን ነገር ከማንም በላይ በቁም ነገር የያዘ ነበር። የመስክ ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ ተጠርቶ የቀጣዩን አሥራ አራት ቀን መልእክት ከባለሙያ ይማራል፤ ከዚያም በተወሰነለት ቀን በተወሰኑ ገበሬዎች ዘንድ ተገኝቶ የተማረውን ያስተላልፋል። የሚጎበኝበት ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ገበሬውም አለቃውም ይቆጣጠሩታል።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሥልጠና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ አለመሆኑን ተረድቷል። ድካሙ መልእክቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማወቁ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በቀጠሮ ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን ሪፖርት እንጂ ጥያቄ አልነበረም። ወጪውም ከበደ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባንኩ ራሱ ሥርዓቱን ተወው።

ኢሕአዴግ የግብርና ኤክስቴንሽኑን እ.ኤ.አ. በ1995 በአዲስ መልክ ሲጀምር በአንድ ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞችን የመመደብ ዓላማ ይዞ ኋላ ላይ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን አሰማራ፤ ከእነዚህ አንዱ ወላይታ ሶዶ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ ወደ 60,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ተመርቀዋል። በቁጥር ረገድ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ወጣቱ ተመራቂ የያዘው ጥቅል በአብዛኛው የእህል ጥቅል ነበር፤ የሚሠማራበት የወላይታ ጓሮ ደግሞ እንሰት፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ የሞላበት፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ። አለቃው የሚመዝነው በምን ያህል ማዳበሪያ እንዳሠራጨ ነው። ብድር ማስመለሱም፣ ስብሰባ መጥራቱም በእርሱ ላይ ተጨመረ። አለቃውን በዓይን የማያይ ሠራተኛ የሚያውቀው የአለቃውን ፊት ሳይሆን ኮታውን ነው፤ ስለዚህም ኮታውን ያገለግላል። ገበሬው እርሱን ሲያይ መካሪ መጣ ከማለት ይልቅ ዕዳ ጠያቂ መጣ ማለት ቢጀምር ማን ይፈርዳል?

መጽሐፍ በላኩ ጊዜ

የርቀት ዋጋ ከማዳበሪያ ዕዳም ሊከብድ እንደሚችል ወላይታ በ1992 ዓ.ም. አይታለች። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሆነው ከአርባ ምንጭ ይተዳደሩ በነበረበት ዘመን አራቱን ልሳናት ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ መጽሐፎቹም ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። መምህሩ ከርቀት የታዘዘ ሠራተኛ ነው፤ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ማንም አፉን ያልፈታበትን ቋንቋ እንዲያስተምር ተነገረው። ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከታሠሩት መካከል መምህራን ነበሩ። በመጨረሻ መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም የራሷን ዞን አገኘች። ያኔ የተለያዩት ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ ዛሬ እንደገና በአንድ ክልል ውስጥ መገናኘታቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴክኖሎጂው ደረሰ። «ወረዳ ኔት» የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት አገናኝቶ የቪዲዮ ስብሰባ አስቻለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በ«ፕላዝማ» ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ጀመር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የወሰደው ስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ የቀሩት መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። መምህሩ ከማያውቀው፣ ከማይሰማው፣ «ቆይ፣ አልገባቸውም» ሊለው ከማይችለው የሥራ ባልደረባ ጋር ተጣመረ። መሣሪያው ተሟልቶ ነበር። የጎደለው መምህሩ በአዲሱ ሥራ ውስጥ ቦታው የት እንደሆነ የሚነግረው ሥልጠና ነው።

ይህን ስል የአንድን ዘመን ስሕተት ብቻ መቁጠሬ አይደለም። መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች በኮሮና ምክንያት ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲወሰን፣ ትምህርትም ወደ ኢንተርኔት ሲዞር፣ እኔ የማውቀው አንድ ተቋም ለመምህራኑ ያደረሰው ዝግጅት አንድ ደብዳቤና አንድ የይለፍ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሳምንታዊ የሪፖርት ቅጽ ነው። የሥርዓቱ ልማድ ይኸው ነው፦ መሣሪያ መስጠት፣ ሪፖርት መቀበል፣ በመካከል ያለውን መርሳት።

የተሳካው

የተሳካ ምሳሌ የለንም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መድቧል። በዓለም አቀፍ ግምት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው ወደ 204 ገደማ በ2012 ወደ 68 ወርዷል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ግን የሚካድ አይደለም።

እነርሱም ከርቀት የሚታዘዙ ሠራተኞች ናቸው። ልዩነቱ አጀማመራቸው ላይ ነው። የተመለመሉት ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ መካከል ነው፤ ቋንቋውን ያውቃሉ። የአንድ ዓመቱ ሥልጠና ክፍል ውስጥ ብቻ አልተሰጠም፤ የመስክ ልምምድ ነበረው። 16ቱ የሥራ ጥቅሎች ተጽፈው የታወቁ ነበሩ፤ ሠራተኛዋ የሚጠበቅባትን ለማወቅ የአለቃዋን ስልክ አትጠብቅም ነበር። በጤና ኬላው ብቻዋንም አልተተወችም፤ አጠገቧ አንድ ባልደረባ፣ ከበላይዋ ደግሞ በቅርብ ርቀት ጤና ጣቢያ አለ። ጉድለት አልነበረም አልልም፤ ሪፖርቱና የፖለቲካ ሥራው እርሷንም አድክሟታል። ነገር ግን መተማመኑ ከርቀቱ በፊት ተገነባ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ርቀት መተማመንን አይፈጥርም፤ አስቀድሞ በቅርበት የተፈጠረውን መተማመን ይበላል። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ ሩቅ አይደርስም።

ስድስቱን ከተሞች ለሚያስተዳድሩት ወገኖች የሚከተለውን ማለት እወዳለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወደፊት በስልክ ብቻ ከሚያገኛቸው ባልደረቦቹ ጋር በአካል ያሳልፍ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ደንግጎ ነበር፤ በልማዳችን ይህ ጊዜ ሠራተኛው የሚጠበቅበት እንጂ የሚሠለጥንበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ውሳኔ ይጻፍ፤ የካራቱ ባለሙያ ሶዶ ላይ በአዳራሽ መተላለፊያ የተባለውን በወሬ የሚሰማ ከሆነ እርሱ የቢሮው አባል አይደለም። ሦስተኛ፣ ጥያቄ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት የታወቀ ቀንና የታወቀ ሰው ይኑር፤ የቴሌግራም ቡድን መክፈት ለዚህ ምትክ አይሆንም። አራተኛ፣ አለቆችም ይሠልጥኑ። በዓይኑ የሚያየውን ሠራተኛ ብቻ ማሠራት የለመደ ኃላፊ የማያየውን በኮታ ነው የሚገዛው።

መቀመጫን ማከፋፈል ሥልጣንን ማከፋፈል ሊሆን ይችላል። ሥልጠናና መተማመን ከሌለበት ግን ስድስት ከተማ ማለት ስድስት ቅሬታ ማለት ነው፤ እያንዳንዱም ሌላውን «ማዕከል» ብሎ ይከስሳል። ወላይታ ከአርባ ምንጭ ትእዛዝ መቀበል ምን እንደሆነ ቀምሳለች። አሁን ሶዶ ራሷ ትእዛዝ ላኪ ሆናለችና በጂንካና በዲላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ከማንም በላይ ልትረዳው ይገባል።

ቸር እንሰንብት።