ቅንጬ አረም በራያ ቆላ፦ የአንድ መጤ ተክል ታሪክና ለጤና ባለሙያው ያለው ትርጉም

ፓርቴኒየም የተሰኘው የዕፅዋት ወገን 16 ያህል ዝርያዎች ብቻ ያሉት ሲሆን የትውልድ ሥፍራው የአሜሪካ አህጉር ነው። ጓዩሌ የሚባለው ዝርያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለጎማ ምርት ተተክሏል፤ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ሲል የሰየመው ግን በዓለም የታወቀው በጉዳቱ ነው። በቆቦና በአካባቢው ቅንጬ አረም ይባላል። የሐረርጌ ገበሬዎች ደግሞ ፈረምሲሳ ብለውታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው።

አረሙ በሀገራችን በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ ተመዘገበ። አመጣጡን በተመለከተ ተመራማሪዎች ሁለት መንገዶችን ይጠቅሳሉ፦ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ወቅት የተንቀሳቀሱ የጦር ተሽከርካሪዎችንና ከውጭ የገባውን የእርዳታ ስንዴ። በህንድም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፑኔ ሲታይ ከአሜሪካ ስንዴ ጋር እንደገባ ታምኗል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከደሴ በቆቦና በአላማጣ ወደ ኮረም የሚወስደው መንገድ የእርዳታ እህል መመላለሻ እንደነበር ስናስታውስ፣ ይህ ግምት ለራያ ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩም በተሽከርካሪ፣ በከብትና በውኃ ይጓዛል፤ ከምዕራብ ተራሮች ወርዶ የቆቦን የማሽላና የጤፍ ማሳ የሚያጠጣው ጎርፍም ዘሩን ከማሳ ማሳ ያደርሳል።

በሕክምናው ረገድ ዋናው ተጠያቂ ፓርቴኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በተክሉ ፀጉርና በብናኙ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በተደጋጋሚ የነካው ሰው ሰውነት ዘግይቶ የሚገለጥ የአለርጂ ምላሽ ያዳብራል። ሽፍታው የዓይን ቆብን፣ አንገትን፣ የክርንና የጉልበት እጥፋትን ይይዛል። ከፀሐይ ሽፍታ ጋር ሊምታታ ቢችልም፣ ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ጀርባ መታየቱ በአየር የሚመጣ ብናኝን ያመለክታል። አፍንጫን የሚያሳክክ ጉንፋን መሰል ሕመምና አስምም ያስከትላል።

በኬንያ የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የወባ ትንኝ ከዚህ ተክል ጣፋጭ ፈሳሽ ተመግባ መቆየት እንደምትችል አሳይቷል፤ ወባ ለሚያጠቃው ቆላ ይህ ቸል የሚባል አይደለም።

ስለዚህ የማይድን ሽፍታ ይዞ የመጣን ገበሬ ቅባት ሰጥቶ ማሰናበት አይበቃም። በእጁ ምን እንደሚነቅል፣ ሽፍታው በየትኛው የአረም ወቅት እንደሚብስ መጠየቅ ይገባል። ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ፣ አረሙን ከማበቡ በፊት መንቀል፣ ከሥራ በኋላም መታጠብ የሕክምናው አካል ናቸው። መንስኤው ከማሳው እስካልራቀ ድረስ መድኃኒቱ የሚያስታግሰው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።