የግቢ ሰርቪስ ቤትን የመዝሙር ስቱዲዮ ለማድረግ ለምታስቡ

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት የጉለሌ ሰፈሮች፣ በቆየ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ማግኘት የተለመደ ነው። አንዱ ማድ ቤት ይሆናል፤ ሌላው የእቃ ማስቀመጫ ወይም የኪራይ ክፍል ነው። የስቱዲዮ ዋጋ ሲከብዳቸው የኳየር ልጆቻችን ዓይናቸውን የሚጥሉት በዚህች ክፍል ላይ ነው። እኔም «ፓስተር፣ ሰርቪሷን ስቱዲዮ እናድርጋት» ካሉኝ ቤተሰቦች ጋር ሁለት ጊዜ ጭቃ አቡክቻለሁ። የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ገንዘቡን ሁሉ ማይክራፎንና ስፒከር ላይ ጨረስነው፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ጀመር፤ እስከ መስከረም ድረስ አንድ መዝሙር እንኳ በወጉ ሳንቀዳ ከረምን። ይህን የምጽፈው እናንተ ከጣሪያው እንድትጀምሩ ነው።

በትንሽ ቤት መቅዳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. (1963 እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በቂ ስቱዲዮና መሣሪያ ነበረው፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ግን ደርግ ወረሰው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉባቸው በእነዚያ ዓመታት መዝሙር በካሴት እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በሰው ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ የተዘመረው ብዙ ነው። ያኔ ድምፅ እንዳይወጣ የሚደረገው ከካድሬ ለመሸሸግ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጎረቤትን ላለማወክ ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በከተማችን ብዙ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት መካከል ናቸው። ቤታችሁ የቀበሌ ቤት ከሆነ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስም መለጠፍም አይቻልም። የግላችሁም ቢሆን የሕንፃውን ቅርጽ ወይም አገልግሎት የሚቀይር ሥራ በሕንፃ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል ወረዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከወረቀቱ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። በሰርቪሷ ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ትተኛባታለች? ከገጠር የመጣ ተማሪ ተከራይቷታል? ለጌታ ሥራ ነው ብለን ድሃን በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ብናስወጣ፣ በዚያ ክፍል የሚዘመረው መዝሙር ምን ይመስላችኋል? ነቢዩ ኤርምያስ ቤቱን በግፍ ስለሚሠራ ሰው የተናገረውን (ኤር. 22፥13) አንብቡት። አንድ ቤተሰብ ተከራያቸው ሌላ ክፍል እስኪያገኝ አምስት ወር ጠብቀዋል፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ስጎተጉታቸው ነበርና ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጭቃው ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮው ነው ጠላት

ድምፅን የሚያግደው በዋናነት ክብደት ነው። በጥቅሉ የአንድ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያሳልፈው ድምፅ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ቀጭን የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚንቃት የጭቃ ሰርቪስ፣ ስንጥቋ ተመርጎ በደንብ ከተለሰነች፣ ካልተለሰነ የብሎኬት ክፍል የተሻለ ጸጥታ ትሰጣለች። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ መጋጠሚያውም ቀዳዳ አያጣም። የብሎኬት ክፍል ካላችሁ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለስኑት።

በሐምሌና በነሐሴ፣ አንዳንዴም በረዶ ሲጥል፣ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ከባድ ኮርኒስ ያስፈልጋል። አቡጀዲ ወይም ቀጭን ቺፑድ ለዓይን እንጂ ለድምፅ አይጠቅምም። እኛ በሁለተኛው ሙከራ ከቆርቆሮው ማገር ጋር ያልተነካካ ለብቻው የቆመ የሞራሌ እንጨት በግድግዳው ላይ አሳርፈን፣ በሁለት ድርብ ጂፕሰም ሸፈንነው፤ የሁለቱ ድርብ መጋጠሚያ እንዳይገጣጠም አዛነፍነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት የፍራሽ ጥጥ በተነው። ጥጥ እሳት ይወዳልና የመብራት ገመድ በዚያ በኩል እንዳታሳልፉ፤ አቅም ያለው የድንጋይ ሱፍ ቢያደርግበት ይሻላል፣ እሱ አይነድም። ይህን ሁሉ አድርገንም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አንቀዳም። መካከለኛ ዝናብ ግን አሁን አይሰማም፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ በሩ ነው። ከግድግዳው ስፋት መቶኛ እጅ የምታህል ቀዳዳ የተቀረውን ግድግዳ ጥቅም ታጠፋዋለች፤ ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢወፍርም ከ20 ዴሲቤል በላይ እንዲያግድ አትፈቅድለትም። የላሜራ በር ከታች ሁለት ጣት ክፍት ሆኖ ስለ ውድ ማይክራፎን መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ውስጡ ክፍት ያልሆነ ከባድ የእንጨት በር፣ ዙሪያውን የጎማ ጠርዝ፣ ከታች ደፍ አድርጉለት። መስኮቱን በጡብ መዝጋት ይቀላል፤ ግን የሚቀጥለውን ሳታነቡ አትዝጉት።

ስለ አየርና ስለ ከሰል

እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ድምፅ የማያስወጣ ክፍል አየርም አያስገባም። የእንጦጦ ግርጌ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ልጆች ሌሊት ሲቀዱ ከሰል አያይዘው ወደ ውስጥ ለማስገባት ይፈተናሉ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ሰውን እንቅልፍ እንደወሰደው አድርጎ ይገድላል። በከተማችን በዚህ መንገድ የስንቱን ቤተሰብ ቀብር እንደ አገልጋይ አይተናል። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል» ማለት አያድንም። በሩ ላይ «ከሰል ክልክል ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ በስቱዲዮው ውስጥ ማንም እንዳያድር። ለአየር ደግሞ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች በኩል ከእንጨት የተሠራ ጠምዛዛ መተላለፊያ ሥሩና ውስጡን በስፖንጅ ልበሱት፤ አየር እየታጠፈ ይገባል፣ ድምፅ በየመታጠፊያው ይሞታል። በየመዝሙሩ መካከልም በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ።

ከውስጥ

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ ያግዳል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ክብደት የለውምና አያግድም፤ በቀላሉም ይነድዳል። ቀጭን ስፖንጅም ቢሆን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጥና ወፍራሙን ይተወዋል፤ ዘማሪው ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

እኛ ሰፈር ግን ሸማኔዎች አሉን። አራት ድርብ የሆነ ጋቢ፣ ያረጀ ቢሆንም ግድ የለም፣ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በእንጨት ፍሬም ላይ ሲወጠር ከስፖንጅ የበለጠ ይሠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨርቅ ድምፅን የሚውጠው አየሩ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ሲሆን ነው፤ ግድግዳው ሥር አየር አይንቀሳቀስም። ከዘማሪው ጀርባና ከጎኑ ሁለት ሦስት ጋቢ ዘርጉ፤ ከእግሩ በታች ምንጣፍ አንጥፉ። ሁሉንም ግድግዳ ግን አትሸፍኑ፤ ፈጽሞ የደነዘዘ ክፍል ዘማሪን ያደክማል።

ብዙ ሰርቪስ ክፍሎች 3 በ3 ሜትር ናቸው። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሲሆን 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ተደርቦ ይጎላል። ማይክራፎኑን ከመካከል ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ማእዘኖቹን በተጠቀለለ ፍራሽ ሙሏቸው። እዚህ ላይ አትጨነቁ። በአብዛኛው መዝሙራችን ቅንብሩ በኪቦርድ ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ በገመድ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ክፍሉ የሚያስፈልገው ለድምፅ፣ ለክራርና ለጊታር ነው።

መሣሪያውና መብራቱ

አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ዝግ ሄድፎንና አንድ ማይክራፎን ይበቃል። ክፍሉ ገና ሙሉ በሙሉ ጸጥ ካላለ ከኮንደንሰር ይልቅ ዳይናሚክ ማይክራፎን ምረጡ፤ በቅርብ የሚዘመርለት ስለሆነ የሩቁን ውሻ ብዙም አይሰማም። ኮንደንሰር ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ እርጥበትም አይወድም፤ ክረምት ላይ በሣጥኑ አስቀምጡት። ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በ24 ቢት ቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን።

የሄድፎኑ ውስጥ «ኡም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ከ50 ኸርዙ መብራት ነው። ላፕቶፑን ከቻርጅ ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፤ ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመር ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያ ያቃጥላልና ዩፒኤስ ሳትገዙ ሁለተኛ ማይክራፎን አትግዙ።

ጎረቤት

በመጀመሪያው ሙከራችን ግድግዳ የምንጋራቸው አባት ሸማኔ ነበሩ። የሸማ ሥራቸው ምት መዝሙራችን ውስጥ ገባ ብለን ተማረርን፤ እኛ ግን እኩለ ሌሊት ድረስ ስንለማመድ እሳቸው እንቅልፍ አጥተው ኖሯል። አንድም ቀን ሳይናገሩ ቆይተው ሚስታቸው ሲታመሙ ብቻ መጥተው «ልጆቼ፣ ዛሬ ብቻ ዝም በሉልኝ» አሉን። የጳውሎስን ምክር (ሮሜ 12፥18) ለስንቱ ሰብኬ ለራሴ ሳልሰማው ቀርቻለሁ። የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ከቤት ውጭ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል፤ 45 ማለት ለስለስ ያለ ንግግር እንኳ የሚያልፈው ነው። ንጋት ላይ የቅዳሴና የአዛን ድምፅ አለ፤ ማታ ውሾች አሉ። እኛ አሁን የምንቀዳው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው፤ አባታችን ሸማቸውን የሚያሳርፉበትን ሰዓትም ጠይቀን አውቀናል።

ኮርኒሱን መትታችሁ ከመጨረሳችሁና ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ሬዲዮ በውስጥ ክፈቱ፤ ድምፁ ሰው ሲዘምር ያህል ይሁን። በሩን ዝጉና ወደ ጎረቤት ሂዱ፤ መኝታቸው ባለበት በኩል ቆማችሁ «እርስዎ ጋ ይሰማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀን ጫጫታው ስለሚሸፍነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ደግማችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ሂዱ። ይሰማል ካሉ በጨለማ ከውስጥ ባትሪ አብርታችሁ ከውጭ ዙሩት፤ ብርሃን ከወጣበት ስንጥቅ ሁሉ ድምፅም ይወጣል፤ እዚያ ላይ ምረጉ።