ኢብን ባቱታ ትቶት የሄደው ቤት

አገር ለማየት ሲሉ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች በታሪክ ውስጥ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ነጋዴውን፣ ወታደሩንና የንጉሥ መልእክተኛውን ወደ ጎን ትተን፣ ያላየውን አገር ለማየት ብቻ ሹመትንም ትዳርንም እየተወ የሄደ ሰው እንፈልግ ብንል ቍጥራቸው ያንሳል። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ ውስጥ የሞሮኮው ተወላጅ ኢብን ባቱታ ዋነኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ በቅድሚያ እለምናለሁ።

ኢብን ባቱታ በ1304 በታንጂር ከተማ ተወለደ። ታንጂር በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ እስፓኝን በጠባብ ባሕር ማዶ እያየች የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ዘመዶቹ የእስልምናን ሕግ የተማሩ፣ ከእነርሱም ውስጥ ቃዲ፣ ማለት ዳኛ፣ እየሆኑ የሠሩ ነበሩ። እርሱም ይህንኑ ትምህርት ስለ ተማረ፣ በአገሩ ቢቀመጥ የቤተ ሰቡን ሥራ ይዞ በክብር ሊኖር የሚችል ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ በ1325 በሰኔ ወር፣ ገና የ21 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ ለሐጅ ወደ መካ ለመሄድ ብቻውን ተነሣ። የመንገድ ጓደኛ አልነበረውም፤ የሚከተለውም ቅፍለት አልነበረም። እናቱና አባቱ ሁለቱም በሕይወት ስለ ነበሩ መለያየቱ ለእርሱም ለእነርሱም እጅግ የከበደ ሐዘን እንደ ነበረ ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ ተርኳል። ሁለቱንም ዳግመኛ አላያቸውም።

የጉዞው መጀመሪያ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በአልጄርያ የባሕር ጠረፍ ሲደርስ ብርቱ ትኵሳት ያዘው። ዐረፍ ብሎ እንዲያገግም ቢመክሩትም እምቢ አለ፤ ከድካም ብዛት ከኮርቻው ላይ እንዳይወድቅም በመጠምጠሚያው ጨርቅ ራሱን አስሮ መንገዱን ቀጠለ። ቱኒስ በገባ ጊዜ የከተማው ሰዎች ወጥተው ሌሎቹን መንገደኞች እየሳሙ ሲቀበሉ እርሱን ግን የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ማንም ሰላም አላለውም። ያን ጊዜ አለቀሰ። ከተጓዦቹ አንዱ ልቅሶውን አይቶ ቀርቦ አጽናናው። ይህ ሰው ኋላ በነገሥታት አደባባይ የሚቀመጥ ታላቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለዚያ ልቅሶ ሲናገር አላፈረም፤ እኔም ከመጽሐፉ ታሪኮች ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

ብዙም ሳይቈይ ከቱኒስ የሚነሣው የሐጅ ቅፍለት ኢብን ባቱታን ቃዲው አድርጎ መረጠው። እንግዲህ ከአባቱ ቤት ሥራ ሳይይዝ የወጣው ልጅ ሥራን በመንገድ ላይ አገኘው ማለት ነው። በዚያው ጉዞ ላይ አንዲት ሴት አገባ፤ ከአማቱ ጋር ተጣልቶ ፈታት፤ ወዲያው ሌላ አገባና ለሠርጉ ድግስ ቅፍለቱን ሁሉ አንድ ቀን አስቆመው። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ግብፅን፣ ደማስቆን፣ መዲናንና መካን ካየ በኋላ ሐጁ ተፈጽሟልና ወደ አገሩ መመለስ ይገባው ነበር። እርሱ ግን በተቻለው መጠን አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ ላለመሄድ ወስኖ ኢራቅንና ፋርስን ዞረ፤ ወደ መካ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላም ወደ የመን ወረደ። ከዓደን በመርከብ ተሻግሮ በ1330 ገደማ ዘይላ ደረሰ። ዘይላ በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ደጋ ንግድ ከሚወርድባቸው በሮች አንዷ ስትሆን በደጋው ላይ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነግሠው ነበር። መንገደኛችን ግን ከተማዋ ታላቅ ገበያ እንዳላት ቢመሰክርም፣ ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው የግመል ደም የተነሣ ሽታዋን መታገሥ አቅቶት፣ ባሕሩ ቢናወጥም እንኳ በመርከብ ላይ ማደርን መረጠ። በማግስቱም ወደ ሞቃዲሾ ተጓዘ። ትኵሳት ያላስቆመውን ሰው የዓሣ ሽታ ማባረሩ ያስቃል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ጉዳት ነው። አንድ ወር ያህል ሽቅብ ቢወጣ ኖሮ ስለዚያ ዘመን አገራችን ምን ያህል በተጻፈልን ነበር!

አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ሲጓዝ ማን አበላው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ስለ ጉዞ ስንጫወት በመጀመሪያ የምናነሣው ገንዘቡንና ፓስፖርቱን ነው። ኢብን ባቱታ ግን ሌላ ስንቅ ነበረው። ከሞሮኮ እስከ ሕንድ ድረስ የሚዳኙበት የሕግ ትምህርት በመሠረቱ አንድ ሲሆን የሊቃውንቱም ቋንቋ ዓረብኛ ነበረ። በየከተማው ባለጸጎች በሰጡት ርስት የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ፤ የተማረ እንግዳ በመጣ ጊዜም መጀመሪያ ወደ ገዢው ይወስዱት ነበር። በሞቃዲሾ ነጋዴዎቹን የከተማው ጐረምሶች እየተሻሙ ወደ ቤታቸው ሲወስዱ፣ እርሱን ግን የሕግ ዐዋቂ መሆኑን ሲሰሙ ወደ ሡልጣኑ ወሰዱት፤ በቅቤ የተሠራ ሩዝና በወተት የተቀቀለ ሙዝም አቀረቡለት። ስለዚህ ኢብን ባቱታ ሥራውን ትቶ ሄደ ስንል ፍጹም እውነት አይደለም። ወንበሩን ተወ እንጂ ሙያው በራሱ ውስጥ ስለ ነበረ አብሮት ይዞር ነበር። ከዚህም ጋር ሊደበቅ የማይገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ጓዙን የሚሸከሙለትና የሚያገለግሉት ገዝቶ ወይም በስጦታ ያገኛቸው ባሮች መሆናቸው ነው። እርሱ አገር ለማየት ፈቅዶ ሲዞር እነርሱ ግን ከአገራቸው የተለዩት ሳይፈቅዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በታናሽ እስያ፣ በቍስጥንጥንያና በመካከለኛው እስያ በኩል አድርጎ በ1333 የኢንዱስን ወንዝ ተሻገረና ዴልሂ ገባ። የዴልሂው ሡልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ከሩቅ የመጡ ሊቃውንትን በመሾም የታወቀ ሰው ነበረ። ኢብን ባቱታንም በዓመት 12,000 ዲናር ደመወዝ ቈርጦ ቃዲ አደረገው። አዲሱ ዳኛ የአገሩን ቋንቋ አላውቅም፣ የተማርሁትም የሕግ ክፍል ከዚህ አገር ይለያል ብሎ ቢያመለክት፣ ሡልጣኑ ሁለት ረዳቶች ሰጠው። ሥራ ቀላል፣ ደመወዝ ብዙ፤ ሆኖም ለሡልጣኑ በሚያቀርበው ገጸ በረከትና በኑሮው ስፋት የተነሣ 55,000 ዲናር ዕዳ ገባ፤ ይህንንም ሡልጣኑ ከፈለለት።

ነገር ግን ይኸው ለጋስ ጌታ ሰው በመግደልም የታወቀ ነበረ። ለሡልጣኑ አልገዛም ያሉ አንድ ሼኽ በተገደሉ ጊዜ፣ ኢብን ባቱታ ቀደም ሲል ሼኹን ሄዶ ጎብኝቶ ስለ ነበረ ዘበኞች ቆሙበት። ሞቱን እየጠበቀ ጾመ፣ ጸለየ። በተለቀቀ ጊዜ ሹመቱን ተወ፤ ያለውንም ገንዘብ ሁሉ ለድኾች አካፍሎ ከአንድ ባሕታዊ ዘንድ አምስት ወር ያህል በምናኔ ተቀመጠ። ከሥራ መውጣት በዚያ አደባባይ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ፤ ደመወዙን የሚሰጠው እጅና ሰይፉን የሚመዘው እጅ አንድ ስለ ነበረ፣ መሄድ የሚቻለው ሡልጣኑ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ፈቃዱም ባልታሰበ መንገድ መጣ። ሡልጣኑ ዳግመኛ አስጠርቶ ወደ ቻይና ንጉሥ መልእክተኛ አድርጎ ሾመው፤ መቶ ፈረሶችና መቶ ወንድ ባሮች ከሌላ ብዙ ገጸ በረከት ጋር አስረከበው። መልእክቱ ግን ከሕንድ ሳይወጣ ጠፋ። ገና በመንገድ ሳለ ሽፍቶች ማርከውት ብዙ ቀን ብቻውን ተንከራተተ። በካሊከት ወደብም እርሱ ለጁምዓ ጸሎት በየብስ ቀርቶ ሳለ ሌሊት ማዕበል ተነሥቶ ስጦታው ያለበትን መርከብ ሰባበረው። የራሱ ጓዝና ከእርሱ የፀነሰች አንዲት ባሪያ የተሳፈሩበት ሁለተኛው መርከብ ደግሞ ትቶት ሄደ፤ ሴቲቱም ኋላ ሞተች። ለእርሱ የቀረለት ዐሥር ዲናርና የሚሰግድበት ምንጣፍ ብቻ ነበረ። ወደ ዴልሂ መመለስን ስለ ፈራ ወደ ማልዲቭ ደሴቶች ተሻገረ፤ በዚያም ቃዲ ሆነ፤ ሚስቶች አገባ፤ ከሹማምንቱ ጋር ተጣላና ያንንም ሥራ ትቶ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ የተወለደለትን ልጅ ለማየት ተመልሶ ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ ዘንድ መቅረቱ ይሻለዋል ብሎ ትቶት መንገዱን ቀጠለ። ከዚያም ቻይና እንደ ደረሰ ይናገራል፤ አንዳንድ ሊቃውንት ግን ይህን ክፍል ይጠራጠሩታል።

በ1348 ወደ ደማስቆ ተመለሰ። በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በፊት ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ሄዶ ነበር፤ ወንድ ልጅ መውለዷን ሕንድ ሳለ በሰማ ጊዜም አርባ የወርቅ ዲናር ልኮ ነበር። አሁን ስለ ልጁ ቢጠይቅ ከሞተ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው ነገሩት። ከታንጂር የመጣ አንድ ሊቅ በከተማው እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ስለ ወላጆቹ ጠየቀው። አባቱ ከሞተ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎት ነበር፤ እናቱ ግን በሕይወት አለች ተባለ። ኢብን ባቱታ በዴልሂ ሊሾም በመጣበት ዘመን አባቱ በሞሮኮ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ታላቁ ቸነፈር ሶርያንና ግብፅን መታ። የደማስቆ ሰዎች ሦስት ቀን ጾመው ሙስሊሙ ቍርአኑን፣ አይሁዱ ኦሪቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ እያለቀሱ በአንድነት ወጥተው ሲለምኑ በዓይኑ አየ። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ሐጅ አድርጎ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በ1349 ሞሮኮ ገብቶ ወደ አገሩ ሲቃረብ እናቱም በቸነፈሩ መሞቷን ሰማ። ታንጂር የደረሰው መቃብሯን ለመጎብኘት ነው። በዚያ ከተማ ግን ብዙ አልተቀመጠም፤ ወደ እስፓኝ ተሻገረ፤ በ1352ም የሰሐራን በረሃ አቋርጦ ማሊ ደረሰ። የማሊው ንጉሥ መንሳ ሱለይማን ለእንግድነቱ ሦስት እንጀራ፣ አንድ ቍራጭ የበሬ ሥጋና አንድ ቅል እርጎ ቢልክለት፣ ይህ የዴልሂን ወርቅ የለመደ ሰው ከልቡ ሳቀ።

ጉዞው በጠቅላላው ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከተመለሰ በኋላ የሞሮኮው ሡልጣን ያየውን ሁሉ እንዲናገር፣ ኢብን ጁዘይ የሚባል ጸሓፊም እንዲጽፍ አዘዘ፤ መጽሐፉም በ1355 ተፈጸመ። ጸሓፊው በአንዳንድ ቦታ ከቀደሙት መንገደኞች መጻሕፍት ወስዶ እንደ ጨመረበት ታውቋል። ኢብን ባቱታ ከዚያ በኋላ በሞሮኮ ውስጥ በአንድ አውራጃ ቃዲ ሆነ፤ ማለት አባቶቹ የሠሩትን፣ እርሱም በ21 ዓመቱ ትቶት የሄደውን ሥራ ያዘ። በ1368 ወይም በ1369 ሞተ። በታንጂር አሮጌው ከተማ መቃብሩ ነው እየተባለ የሚታይ አንድ ትንሽ ቤት አለ፤ በውስጡ የተቀበረው እርሱ መሆኑ ግን በእርግጥ አልታወቀም።