ከሦስት ቶን ካሜራ እስከ ሁለት ጣውላ

ማታ ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ እንጦጦ አዙሩ። የሰሜን ኮከብ እዚያ ነው ያለችው። ግን ዝቅ ብላለች፤ ከአድማሱ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡት ከጭብጡ አትዘልም። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ጋራው አለ፣ ባሕር ዛፉ አለ፣ ፎቁ አለ፣ የማታው ጢስ አለ። እኔ በደንብ ያየኋት በጣት በሚቆጠሩ ሌሊቶች ነው።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ኮከብ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ችግር አለው። ምድር ስለምትሽከረከር ሰማዩ በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይዞራል። ካሜራችሁን ለሁለት ደቂቃ ክፍት አድርጋችሁ ብትተዉት ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና መስመር ይሆናል። መፍትሔው ካሜራውን በሰማዩ ፍጥነት ማዞር ነው፤ የሚዞርበት ዛቢያ ደግሞ የሰሜን ኮከብ አጠገብ ወዳለው የሰማይ ዋልታ ማነጣጠር አለበት። እኛ ጋ ያ ነጥብ ጋራው ጥግ ነው።

ሰማይን እየተከተሉ ፎቶ ማንሳት ለአገራችን አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የአስትሮፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሳተላይቶችን በፎቶ የሚከታተሉ 12 ግዙፍ ካሜራዎችን በዓለም ዙሪያ እየዘረጋ ነበር። ቤከር-ነን ይባላሉ፤ ሌንሱን በነደፈው ጄምስ ቤከርና ማሽኑን በነደፈው ጆሴፍ ነን ስም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዱ ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምትባለው ከተማ ተተከለ። በሳይንስ መዝገቦች ላይ ግን «አዲስ አበባ፣ ጣቢያ ቁጥር 9028» ተብሎ ነው የምታገኙት።

መሣሪያው ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል። የብርሃን መግቢያው 50 ሴንቲሜትር ነው፤ የሚጠቀመውም እንደ ሲኒማ የተጠቀለለ ፊልም ነው። እኔን እንደ መሐንዲስ የሚያስገርመኝ ግን ሌንሱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የተነሳበት ቅጽበት አብሮ ይታተማል። አንድ ሳተላይት በሴኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሺኛ ቢሳሳት የሳተላይቱ ቦታ በ7 ሜትር ይሳሳታል። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ ከካሜራው እኩል የሚጠበቀው፣ በክሪስታል ንዝረት የሚሠራው ሰዓት ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ወደ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ይላካል፤ ልኬቱ የሚሠራው እዚያ ነው። እኛ ሰማዩን ሰጠን፣ እነሱ ቁጥሩን ወሰዱ ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሰማዩም ቁጥሩም እዚሁ እንዲቀር ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ፤ ከዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እንጦጦ ጋራ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ከስድስት ኪሎ ቀና ስትሉ የሰሜን ኮከብን የሚጋርዳችሁ ጋራ የአገሪቱን ትልልቅ ዓይኖች ተሸክሟል። ቴሌስኮፖቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ግን እናንተና እኔ እንደፈለግን አንነካቸውም፤ ተራ የሚሰጠው ለምርምር ነው።

ለእኛ የሚሆነው ታሪክ የመጣው ከስኮትላንድ ነው። ጆርጅ ሄግ የተባለ አማተር እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ አገናኝቶ፣ በአንድ ብሎን እየገፋ የሚከፍት መሣሪያ በመጽሔት አወጣ። ማጠፊያው ወደ ዋልታው ያነጣጥራል፣ ካሜራው የላይኛው ጣውላ ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። የኮከብ ቀን 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ፣ ማለትም 1,436 ደቂቃ ነው። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን አንድ ዙር ሲዞር 1 ሚሊሜትር ይጓዛል። በደቂቃ አንድ ዙር እንዲበቃው ከማጠፊያው እስከ ብሎኑ ያለው ርቀት 1,436 ለ6.283 ሲካፈል፣ 228.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ሄግ ብሎኑን በእጅ ነበር የሚያዞረው።

እኛ በእጅ አናዞርም። ባለ 5 ቮልት ትንሽ ስቴፐር ሞተር፣ ማዘዣ ሰሌዳውና ዋይፋይ ያለው ቺፕ ይበቃሉ። ጣውላና ብሎን የትም አለ፤ ከተጣለ ፕሪንተር የወጣ ሞተርና ዘንግ ካማራችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረዱ። ቺፑ ሁለት ሥራ አለው፦ ሞተሩን ማራመድና በኦፕቶካፕለር በኩል የካሜራውን መዝጊያ መክፈት። እናንተ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣችሁ በስልክ ታዛላችሁ። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ካሜራውን በእጅ መንካት ራሱ ፎቶውን ያበላሻል።

እዚህ ላይ የቢሾፍቱው ሰዓት ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። የዚህ ሞተር ወረቀት ጥርሱ 64 ለ1 ስለሚቀንስ አንድ ዙር 2,048 እርምጃ ነው ይላል። ፈትታችሁ ጥርሶቹን ብትቆጥሩ ግን 63.68 ለ1 ነው፤ እርምጃውም 2,038 ገደማ። ወረቀቱን አምናችሁ ኮዱን ከጻፋችሁ ሞተራችሁ በ0.5 በመቶ ይፈጥናል። ይህ ስሕተት የ24 ሰዓቱን ቀን ከኮከብ ቀን ጋር ከማምታታት እንኳ ይበልጣል! በአንድ እርምጃ መካከል 29.3 ሳይሆን 29.44 ሚሊሴኮንድ ስጡት።

የእኔ የመጀመሪያ ሌሊት የከሸፈው ግን በዚህ አይደለም። የስልክ ፓወር ባንክ ነበር ያሰርኩት። ሞተሩ በፎቶዎች መካከል ሲያርፍ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ፣ ፓወር ባንኩ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን አጠፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የቆመ መሣሪያ ሳዝ ቆየሁ። አሁን ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የባትሪ ሴሎችን ከመከላከያ ሰሌዳ ጋር እጠቀማለሁ፤ ያለ ሰሌዳው እንዳትሞክሩት፣ እሳት ያስነሳሉ።

የሰሜን ኮከብስ? ባትታይም ይቻላል። በፈረንሳዊው ጊዮም ቢጉርዳን ስም የሚጠራ የቆየ ዘዴ አለ። መሀል ሰማይን በሚያልፍ ኮከብ ላይ አነጣጥሩና ጠብቁ። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዛቢያችሁ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ጋራውን አይጠይቅም። ለምድር ወገብ መቅረባችንም ካሳ አለው፤ አውሮፓ የማይወጣው የደቡብ መስቀል እኛ ጋ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

ለመጀመሪያ ዒላማ የማቀርብላችሁ ግን ቡናን ነው። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ የሚሰየም ኮከብ ሲያድል፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ቡና 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በዓይን አይታይም፣ በተራ ሌንስ የሁለት ደቂቃ ፎቶ ላይ ግን ይወጣል። ኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። አልጎል ከሚባለው ኮከብ ወደ ምዕራብ 5 ዲግሪ ያህል ስትሄዱ ኤም 34 የተባለው የኮከቦች ክምችት አለ፤ ከእሱ አንድ ዲግሪ አለፍ ብሎ ያለው ነጥብ ቡና ነው።