የወፍ በሽታና ነፍሰ ጡር እናት

በሰሜን ሸዋ ገጠር ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ስያሜው የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው ይታመማል ከሚል የቆየ እምነት የመነጨ ነው። ሕመምተኛው አስቀድሞ ወደ ባህል መድኃኒት ማምራቱም የሚያስገርም አይደለም፤ በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ 135 የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግቧል። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ቢሆንም በሽታው ብዙ ነው፤ ይህም ልዩነት ለነፍሰ ጡር ሴት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዘመናዊው ሕክምናም ልዩነቱን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1880ዎቹ፣ ኢጣሊያዊው ሐኪም ሌኦፖልዶ ትራቨርሲ በአንኮበር አጠገብ በሌት ማረፊያ ጣቢያ በነበረበት ዘመን፣ በአውሮፓም ቢሆን እንዲህ ያለው ሞት በጥቅሉ «አጣዳፊ ቢጫ የጉበት መሟሸሽ» እየተባለ ይመዘገብ ነበር። በ1940 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሺሃን በእርግዝና መጨረሻ ጉበት በስብ የሚሞላበትን ሕመም ለይቶ ጻፈ። በ1982 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ዌንስታይን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚፈርሱበትን፣ የጉበት ኢንዛይም የሚጨምርበትንና ፕላትሌት የሚያንስበትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር የሚከሠተውን ሕመም «ሄልፕ» ሲል ሰየመው። ሁለቱም ከእርግዝናው የሚመነጩ ስለሆኑ ዋናው ሕክምና እናቲቱን አረጋግቶ ሳይዘገዩ ማዋለድ ነው።

ሦስተኛው ግን የሚመጣው ከተበከለ ውኃ ነው። በ1955 እና 1956 በዴልሂ የመጠጥ ውኃ በፍሳሽ በመበከሉ ወደ 29,000 የሚጠጋ ሰው ቢጫ ሆነ፤ ከነፍሰ ጡሮችም የሞተው ከሌላው ይልቅ በረከተ። በ1983 የሶቪየቱ ሐኪም ሚኻይል ባላያን ተሕዋሱን በራሱ ሰውነት ላይ ፈትኖ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ይህ ተሕዋስ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ ይባላል። በኢትዮጵያ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሽታውን በሰሜን በነበረው ሠራዊት መካከል፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ነፍሰ ጡሮች ላይ አጠኑ። የተመረመሩት እናቶች ጥቂት ቢሆኑም፣ በሄፓታይተስ ኢ ከተያዙት 42 በመቶው መሞታቸው ተመዘገበ። ሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚድንበት በሽታ ለነፍሰ ጡር ይህን ያህል ገዳይ ሆኖ ተገኘ። በዚህኛው ደግሞ እርግዝናውን ማቋረጥ በሽታውን እንደሚፈውስ አልተረጋገጠም።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ቢጫ የሆነችን ነፍሰ ጡር በስሟ «የወፍ በሽታ» ብሎ ማሳደር አይገባም። የማያቋርጥ ትውከትና ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ሕመም ቢጫነቱን ሊቀድሙ ስለሚችሉ፣ የደም ግፊቷን፣ በሽንቷ ያለውን ፕሮቲንና የደሟን ስኳር መለካት የመጀመሪያው ተግባር ነው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ተራራማ መንገድ በመሆኑ፣ በቤት የሚባክነው ሌሊት በመንገድ አይካካስም። የባህል ሐኪሙም ሊገፋ ሳይሆን፣ እናቲቱን ፈጥኖ የሚልክ አጋር ሊደረግ ይገባል። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ደግሞ ሦስተኛውን በሽታ ከምንጩ ያደርቃሉ።