የዓባይ ወለል ነዋሪዎችና የዘመን ቀመራቸው

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል የሀገራችን ሰው። ወንዙ ይዞ የሚዞረው ግን ግንድ ብቻ አልነበረም፤ በየክረምቱ የሚወርደው ደለል ከግርጌው ለሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት የዘመን መቁጠሪያ ሆኖ ኖሯል።

በጁባ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ወገናችን ይህ ወዲያው አይገለጥለት ይሆናል። በዚህ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ፣ በዝናም ወራት በአካባቢው ጅረቶች ቢደፈርስም፣ ዋናውን ውኃ ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ስለሚቀበል ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ ይፈስሳል። ከጣና የሚነሣው ዓባይ ጠባዩ ሌላ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የደጋውን አፈር ጠርጎ ይወርዳል፤ በነሐሴ ሙላቱ ያይላል፤ በበጋ ይጎድላል፣ ይጠራልም። ሁለቱ ወንዞች ካርቱም ላይ ይገናኛሉ።

ከዚያ በታች ባለው የወንዙ ወለል ላይ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና የትንኝ እጮች ይኖራሉ። ጎርፉ ወለሉን ሲያጥብና ደለሉ ብርሃንን ሲጋርድ ኑሯቸው ይጠብባል፤ ውኃው ሲጠራ ግን ዋቅላሚ ይለመልማል፣ እጮቹም ይበረክታሉ።

ይህ የተመራማሪዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሰሜን ሱዳን ሰዎች «ኒሚቲ» የሚሉት አረንጓዴ ትንኝ ከዚሁ ወለል ተነሥቶ በቀዝቃዛዎቹ ወራት እንደ ጉም ይተምም ነበር። ባይናከስም በአሮጌዋ ዋዲ ሐልፋና በካርቱም ብዙዎችን በአስም አሠቃይቷል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ትንኙ ያጠናው የነፍሳት ተመራማሪ ሌዊስ ሲሆን፣ «ክላዶታኒታርሰስ ሌዊሲ» የተባለው ሳይንሳዊ መጠሪያም የእርሱን ስም ይዟል። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ሱዳን በዚህ ትንኝ ሰበብ የሚመጣው አለርጂ የተስፋፋ መሆኑን አረጋገጠ፤ የኋላ ምርመራዎችም መንሥኤው በትንኙ ገላ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን መሆኑን ገለጹ። በፖላንድ የተወለደው ዩሊያን ዡስካም በካርቱም ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ የወንዙን ሕይወት የሚመለከት ሰፊ መጽሐፍ በአዘጋጅነት በ1976 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

የወንዙ ቀመር ግን በሰው እጅ እየተለወጠ መጥቷል። የሰናር ግድብ በ1925፣ የጀበል አውሊያ በ1937፣ የሮሰይረስ በ1966 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ውኃ ሲገደብ ሙላቱ ይለዝባል፣ ደለሉም ከግድቡ ኋላ ይሰፍራል። ስለዚህ የቀደሙት ተመራማሪዎች የመዘገቡት የሙላትና የጉድለት ሥርዓት ዛሬ እንደ ጥንቱ አይገኝም።

ግድብ የሚለካው በሚሰጠው ብርሃንና በሚይዘው ውኃ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ወለሉን የሚመረምር ከሌለ፣ ለውጡ ለጤናና ለዓሣ ሀብት በጎ ይሁን ክፉ ማን ይነግረናል? ማደሪያ ያልነበረው ዓባይ ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል። ከግርጌው ያደሩት ፍጥረታት እንዴት እንደሰነበቱ መጠየቅም የወንዙ ልጆች ሁሉ፣ የላይኞቹም የታችኞቹም፣ ድርሻ ነው።